ሳንታመም ወልድያ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

እሺ አለች! እናቴ እሺ አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምኛት ዛሬ ራሷ ደወለች። «ቅዳሜ ነው ያልሽኝ? በይ እሺ፣ እመጣለሁ» አለችና ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሐሳቧን ሳትቀይር ለመዝጋት ቸኩላ ይመስለኛል።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ወር ሙሉ ከስፌት መኪናዬ አልተነሣሁም ነበር። እናቴ ከውርጌሳ በላይ ካለው መንደራችን ልታየኝ መርሳ ወረደች። ወገቤን ይዤ ስነሣ አየችኝና «ወልድያ ሄደሽ ለምን አትታዪም?» አለችኝ። እኔ ደግሞ «አብረን እንሂድ፤ ግን ለሕክምና አይደለም፣ ለመዝናናት» አልኳት። ሳቀች። «ልጄ፣ እኔ ወልድያን የማውቃት ወይ ታምሜ ወይ አስታምሜ ነው። ጤነኛ ሰው እዚያ ሄዶ ምን ይሠራል?»

ይቺ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። እናቴ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ወልድያ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላትም። ሌላ ሰው ያነጠፈው አልጋ ላይ የተኛችው ሆስፒታል ብቻ ነው።

ዕቅዴ ይኸው። ቅዳሜ ጠዋት ሄደን እሑድ ከሰዓት መመለስ። ያለኝ ከዩኒፎርሙ የተረፈ ሦስት ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ በላይ አንድ ብር አይወጣም።

ሆቴል (ሁለት አልጋ፣ ሙቅ ውሃ ያለው)፦ ስምንት መቶ።
መኪና፣ ደርሶ መልስ ለሁለት ሰው፦ አራት መቶ።
ምግብ፦ አንድ ሺህ።
ባጃጅ፦ ሁለት መቶ።
ደስታ፦ ስድስት መቶ።

«ደስታ» ብዬ ስጽፍ ብቻዬን ሳቅሁ። ሌላ ምን ብዬ ልጻፈው? ስሙ የማይታወቅ ወጪ ነው።

ጎኔ ሱቅ ያላት ወርቅነሽ ስትሰማ «እኔ ዕቃ ላመጣ ስሄድ ጠዋት ገብቼ ከሰዓት እወጣለሁ፤ ወልድያ አድሬ አላውቅም። መንገዱን ግን ጠይቂ» አለችኝ። ጠየቅሁ። ሹፌሮቹ ሰላም ነው ይላሉ፤ ከመሸ ብቻ እንዳትንቀሳቀሱ። እኛ ደግሞ መች በማታ ልንሄድ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሆቴል ደወልሁ። ስልኩን ያነሣው ልጅ ሄኖክ እባላለሁ አለኝ። ድምፁ ደስ ይላል። «ቀብድ ልላክልህ?» ስለው «ኧረ ምን ሲደረግ፤ በስምሽ ይዤዋለሁ፣ ሰሚራ ብዬ» አለኝ። በስሜ! በስሜ የተያዘ ክፍል ኖሮኝ አያውቅም።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። እዚህ ካልጻፍሁት የት እጽፈዋለሁ?

ወልድያ ውስጥ አክስቴ ዘሐራ አለች። የእናቴ ታናሽ ናት፤ አያቴ የወለደችው ሁለቱን ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል። ያን ጊዜ አያቴ ታማ ዘሐራ ቤት ሆና ትታከም ነበር። ክረምት ነበር። አረፈች ተብሎ ሲደወል እናቴ ወዲያው ተነሣች፤ ግን ጎርፍ መንገዱን ዘግቶት ወዲህ ማዶ ቀረች። ወልድያ ስትደርስ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ተሰግዶ አልቋል። አያቴን ቀትር ላይ፣ ዙሁር እንደተሰገደ ቀብረዋታል። እናቴ የእናቷን ፊት ሳታይ ቀረች። በር ላይ እንደቆመች ለእህቷ «ቀበርሽብኝ» አለቻት። ተመልሳ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል የለም።

እኔ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አብሬያት ነበርሁ። የዘሐራን ፊት አይቼዋለሁ። ስለዚህ ይሆናል አራት ዓመት ሆነኝ በድብቅ እደውልላታለሁ። በዒድ፣ በዓረፋ። ዚፕና ቁልፍ ልገዛ ወልድያ ስሄድም ጎራ እላለሁ፤ ደጇ ላይ ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች። ስልኬ ላይ የመዘገብኋት «ዚፕ ነጋዴ» ብዬ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ አክስቴን በዚፕ እደብቃለሁ!

ይህ ጉዞ የእርቅ ጉዞ አይደለም። ለዘሐራም አልነገርኋትም። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሞክረው አልተሳካላቸውም፤ እኔ ማን ነኝ? እናቴ ሁለት ቀን ያለ ሐሳብ ትዋልልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

እናቴ ከጁምዓ በኋላ ደረሰች። የያዘችው፦ አንድ ፌስታል ቆሎ፣ አራት ትልልቅ ፓፓያ፣ ሳሙና፣ የራሷ አንሶላ።

«እማዬ፣ አንሶላ ምን ያደርጋል?»

«የሆቴሉን ማን እንደተኛበት አውቃለሁ?»

«ፓፓያውስ?»

«ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ?»

«ሰው ቤት እኮ አይደለም የምንሄደው። ሆቴል ነው።»

«ሆቴሉ ሰው የለውም?»

ፌስታሏን ተቀብዬ ጥግ አስቀመጥሁ። 

የሰፋሁላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለካች። ልክክ አለላት። በመስታወት ራሷን ጎን ለጎን አየችና «ወይ ፋጡማ፣ ሙሽራ መሰልሽ» አለች ለራሷ። መርሳ ገበያ ወርዳ ጥቁር ጫማም ገዝታለች፤ ሳትነግረኝ፣ በራሷ ገንዘብ። ሲያዩት ጠባብ ነው። «ይሰፋል፤ ቆዳ ነው» አለች። ቆዳ አይደለም። ግን ደስ ብሏታል፤ ተውኋት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የምጽፈው ባላሰብሁት ቦታ ተቀምጬ ነው። የማታው የዒሻ ሶላት አሁን ተሰገደ። ከመጀመሪያው ልጀምር፣ አለዚያ ይምታታብኛል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ሚኒባስ ያዝን። እናቴ መስኮቱን ያዘች። ሲሪንቃ ላይ የግብርና ምርምሩን ማሳ ስታይ «ይኼን ማሽላ እዩት! በክር የተሰመረ ነው የሚመስል» አለች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ «እነሱ መድኃኒት ይረጩበታል» አላት። «አንተም ቢረጩብህ እንዲህ ቀጥ አትልም» አለችው። መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ ሰውየውም ጭምር። ወልድያ እስክንገባ ስለ ተምች ሲያወሩ ሄዱ።

ቁርስ ፉል በላን። ሁለት ፉል፣ አራት ዳቦ፣ ሁለት ሻይ፤ መቶ ሰማንያ ብር። አስተናጋጇ ሰሃኑን ልታነሣ ስትመጣ እናቴ አብራ ተነሥታ ልትወስድ። «እማዬ፣ ተቀመጪ፤ የሷ ሥራ ነው።» ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ «ተቀምጦ መብላት ደስ ይላል ለካ» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ጁስ ቤት። ይህን በደንብ ልጻፈው። ስፕሪስ አዘዝሁ፤ አቮካዶና ፓፓያ። አንዱ መቶ ሃያ ብር። እናቴ ዋጋውን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ልትነሣ ነበር። በግድ አስቀመጥኋት። በማንኪያ ቀመሰች። ደገመች። ከዚያ ባንኮኒው ጋ ወዳለው ሰውዬ ዞራ፦

«ልጄ፣ ይኼ ፓፓያ አልበሰለም።»

«እናቴ፣ ትናንት ነው እኮ የገባው።»

«መግባቱን አልጠየቅሁህም። መብሰሉን ነው።»

አፈር ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን ፌስታሏን ፈትታ ከአራቱ ፓፓያ አንዱን አውጥታ ሰጠችው። «እንካ። ይኼን ቁረጠው።» ሰውየው እየሳቀ ቆረጠ። ቀመሰ። ሳቁን አቆመ። ሚስቱን ጠርቶ አስቀመሰ። «ከየት ነው ይኼ?» «ከደጄ ነዋ! ከውርጌሳ በላይ።» ሌላ ሁለት ብርጭቆ በዚያው ፓፓያ ሠርቶ ያለ ክፍያ አመጣልን። ስልክ ቁጥሯንም ወሰደ፤ በየሳምንቱ ሃያ ኪሎ ብትልክለት ይፈልጋል። እናቴ ፊት ላይ ያየሁትን ልገልጸው አልችልም። ከጁስ ቤት ስንወጣ ቁመቷ የጨመረ ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ ስታዲየሙ። በባጃጅ ሄድን። ዘበኛው ዛሬ መግባት አይቻልም አለ። እናቴ «ልየው ብዬ ነው እንጂ ልወስደው አይደለም» አለችው። ትንሽ አሰበና በሩን ገርበብ አደረገልን። ገብተን ቆምን። ያ ሁሉ ወንበር፣ ያ ሁሉ አረንጓዴ።

«ስንት ጥማድ ይሆናል?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። ሁለት?»

«ጤፍ ቢዘራበት ለስንት ቤት ይበቃ ነበር… እና ይኼ ሁሉ ለኳስ?»

«ለኳስ።»

«ኳስ የሚጫወተው ሰው ደስ ይለዋል?»

«በጣም።»

«እንግዲያማ ይሁን» አለች። የፈቀደችላቸው ነው የሚመስለው።

አደባባዩ ጋ ፎቶ ተነሣን፤ ሁለት ፎቶ መቶ ብር። ፎቶ አንሺው «እናቴ፣ ፈገግ ይበሉ» ይላታል። «ምን ያሥቃል?» ትለዋለች። በመጨረሻ እሱ ራሱ መሣቅ ጀመረ፤ እሷም ሳቀች፤ ያቺን ይዞ አነሣት። ጥሩ ፎቶ ነው። ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

ይህ ሁሉ ሲሆን እያነከሰች እንደነበር አላየሁም። ጫማው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሆቴሉ ደረስን። ሄኖክ የለም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ደብተሩን ገልጣ «ሰሚራ… አዎ፣ ተጽፎ ነበር፤ ግን ሥልጠና ገብቶ ሁሉም ክፍል ተይዟል» አለችኝ። ስሜ ላይ መስመር ተሰምሮበታል፤ አየሁት። ተከራከርሁ፤ ድምፄ ወጣ። ልጅቷ ምን ታድርግ። ከዚያ ሌላ ሆቴል፣ ሌላም፣ ሌላም። በባጃጅ እየዞርን። ሥልጠናው ከተማውን ሞልቶታል። በየበሩ ላይ ባጅ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች ቆመው ያወራሉ። አራተኛው ጋ አንድ ክፍል አለ፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ኪሴን ቆጠርሁ፤ ሁለት ሺህ ስድሳ። የመመለሻው ሁለት መቶ ሲነሣ ለራት ስድሳ ብር ይቀረናል። ልከፍል ቦርሳዬን ከፈትሁ።

እናቴ እጄን ያዘችኝ። «አንቺ፣ አብደሻል? ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ?»

«ቃል ገብቼልሽ ነበር።»

«ቀኑን ሰጥተሽኛል። ይበቃኛል። ወደ መርሳ እንመለስ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥሁና አለቀስሁ። እውነት ለመናገር አለቀስሁ፤ ሰው እያየኝ። ሦስት ሳምንት ያሰብሁት ነገር በአንድ መስመር ተሰረዘ። እናቴም አጠገቤ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟ ተልጦ ደምቷል። ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ወደ መንገዱ እያየች፦

«የዚፕ ነጋዴዋ ቤት ሩቅ ነው?»

እንባዬ ቆመ። 

«የትኛዋ… የዚፕ…»

«ስልክሽ የዛሬ ሁለት ዓመት ጠራ። አንቺ ውጭ ነበርሽ። አነሣሁት። ‹ሰሚራዬ› አለች። ድምፅዋን የምስተው ይመስልሻል? ዘጋሁት። ስሙን አነበብሁት። መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ እኮ፤ ዚፕ ማንበብ አያቅተኝም።»

«ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ምን ብዬ? አክስትሽ ናት።» ተነሣች። «ለራሴ ብዬ አይደለም። አንቺ ማደሪያ አጥተሽ ነው።»

 ባጃጁ ውስጥ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ዱዓ ይሁን የምትለውን እየተለማመደች ይሁን አላውቅም።

ዘሐራ ደጇ ላይ ነበረች፤ ዘይቱ እየተንጨረጨረ፣ የሳምቡሳ ማውጫው ጭልፋ በእጇ። ቀና ስትል አየችን። ማውጫውን አላስቀመጠችም። እናቴ አምስት ስድስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች። ሳምቡሳ ሊገዙ የቆሙ ሰዎች ነበሩ።  ዘሐራ እህቷን ከራሷ እስከ እግሯ አየቻት። እግሯ ላይ ቆየች።

«ጫማሽ ጠቦሻል» አለቻት።

«ጠቦኛል» አለች እናቴ።

«ግቢና አውልቂ።»

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ንግግር ይህ ነው። ሳልጨምር ሳልቀንስ።

ገባን። እናቴ የተረፉትን ሦስት ፓፓያዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ዘሐራ በማንቆርቆሪያ ውሃ አሙቃ፣ ጨው ጨምራ፣ ሳፋ ውስጥ አድርጋ እግሯ ሥር አኖረችላት። አላጠበችላትም፤ አኑራላት ሄደች። እናቴ እግሯን ስትከት «እፍፍ…» አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው!

«ለአክስትሽ ንገሪያት፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል።»

«ለእናትሽ ንገሪያት፣ ደም ግፊቷ አስፈርቷት ነው እንጂ ጨው አልበዛም።»

«ደም ግፊት እንዳለብኝ ማን ነገራት?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሳቄን በእንጀራ ዋጥሁት።

አሁን እናቴ ልትተኛ ነው። ዘሐራ አልጋዋን ለቃላት ፍራሽ ለራሷ መሬት ላይ ዘርግታለች። እናቴ አንሶላዋን ከፌስታል አወጣች። የዘሐራን አልጋ አየች፤ በእጇ ዳሰስ አደረገችው። አንሶላዋን አጥፋ መልሳ ከተተችው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ነው። እናቴ መስገጃዋን እያጠፈች፣ ወደ ማንም ሳታይ «የት ነው?» አለች።

ዘሐራ ምኑ ብላ አልጠየቀችም። ነጠላዋን ለበሰች። የራሷን ነጠላ ጫማ አውጥታ ለእናቴ አስቀመጠችላት።

እኔ ከኋላ ተከተልኋቸው። መንገዱ ገና ሰው የለበትም፤ አየሩ ይቀዘቅዛል። መቃብሩ ጋ ስንደርስ አጥሩ ጥግ ቀረሁ፤ ድምፃቸው ግን ይሰማኛል። ዘሐራ በእጇ አሳየቻት። ድንጋዮቹ ዙሪያ ንጹሕ ነው፤ ሣሩ ታጭዷል። ማን እንደሚያጭደው አልጠየቅንም።

እናቴ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ዱዓ አደረገች። ከዚያ ሳትዞር፦

«ለምን አልጠበቅሽኝም?»

ይህ ጥያቄ አሥራ ሁለት ዓመት በቤታችን ውስጥ ሲዞር ኖሯል። እኔ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ዘሐራ «ጠብቄሻለሁ» አለች። «ያጠብኋት እኔ ነኝ። ሁለት ሰው ሆኜ ነው ያጠብኋት፤ አንድ ጊዜ ስለ ራሴ፣ አንድ ጊዜ ስላንቺ። ወንዶቹ መጡ። እስከ ዐስር ቆዩልኝ፣ እህቴ መንገድ ላይ ናት አልኋቸው። ጀናዛ አይቆይም አሉኝ። በሩ ላይ ቆምሁባቸው፣ ወላሂ። በሩን ይዤ ቆምሁ። ሸኹ ራሳቸው መጥተው ‹አንቺ ልጅ፣ እናትሽን አታስቸግሪያት› ሲሉኝ ለቀቅሁ።»

«ይኼን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? ‹ቀበርሽብኝ› አልሽኝና ወጣሽ። እኔም እውነት ነው አልሁ። በሩን የለቀቅሁት እኔ ነኛ።»

 ጎርፉን አሰብሁ። ያን ቀን ወንዙ ዳር ቆመን ውሃው እስኪጎድል እናቴ ስትጮኽ እንደነበር አስታወስሁ። በውሃው ላይ መቆጣት ስላልቻለች ይሆናል በእህቷ የተቆጣችው።

ከዚያ እናቴ እጇን ዘረጋች። ለመነሣት ነው፤ ጉልበቷ ያማታል። ዘሐራ ያዘቻት፣ አነሣቻት። ከተነሣች በኋላ ግን አልተላቀቁም። «ፀጉሯ እንዴት ነበር?» እናቴ ስትል ሰማኋት። «ጎንጉኜላት ነበር። ሹሩባ፣ አንቺ እንደምትሠሪያት።» «አውፍ በይኝ።» «አንቺም አውፍ በይኝ።» ከዚህ በላይ አልሰማሁም፤ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ሰው ለቅሶውን በነፃነት ያልቅስ።

ሲመጡ ዓይናቸው አብጧል፤ ግን ስለ ሽንኩርት ዋጋ እየተጨቃጨቁ ነው። ያለ አስተርጓሚ! ሥራዬን አጣሁ፤ አልሐምዱሊላህ።

የቀረው ቀን የዘሐራ ነበር። ሆቴል ልንከፍል እንደነበረ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ገንዘብ ከፍሎ ወልድያን ማየት! እኔ በነፃ አሳያችኋለሁ።» አሳየችን። ዳገቱ ላይ ወጥተን ከተማውን ሁሉ ከላይ አየነው፤ እናቴ ስታዲየሙን ለይታ «ያውላችሁ የኳሱ እርሻ» አለች። የሠርግ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ሲያልፉ ቆመን እልል አልን፤ ሙሽራዋን አናውቃትም፤ እጇን አወዛወዘችልን። ሰልባጅ ተራ ገብተን ሃያ ልብስ ለክተን አንድም ሳንገዛ ወጣን። ሻጩ «እናንተ ልትገዙ ነው ወይስ ልትዝናኑ?» ሲለን ዘሐራ «ልንዝናና!» አለችው ፈጠን ብላ። ሳምቡሳ በፓፓያ በላን፤ አብሮ አይሄድም፤ በላነው።

ባለ ጁስ ቤቱ በዚያው ደወለ። እናቴ ስልኩን ለዘሐራ አቀበለቻት። «አንቺ ተነጋገሪ። ከተማ ያለሽው አንቺ ነሽ።» ዘሐራ በሁለት ደቂቃ ኪሎው ላይ አምስት ብር አስጨምራ ዘጋችው። ተያዩ። እንዲህ ሲተያዩ አይቼ አላውቅም፤ ልጆች ሆነው እንዲህ ነበሩ ማለት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ «እንሂድ፣ መንገዱ ሳይመሽብን» አልሁ። እናቴ እግሯን አየች። «ቁስሉ ሳይደርቅ እንዴት እሄዳለሁ?»

«በመኪና እኮ ነው የምንሄደው፣ እማዬ።»

«መኪናው ድረስስ?»

ዘሐራ ወደ ግድግዳው ዞራ ሣቀች። ገባኝ። ከቀረኝ ገንዘብ ስድስት መቶውን ለእናቴ ሰጥቼ ብቻዬን ተሳፈርሁ። ሐራ መገንጠያ ላይ ትንሽ ቆመን፤ መርሳ ሳይመሽ ገባሁ። ከሦስት ሺው አንድ ሺህ የሚጠጋ ተርፎኛል። ሄኖክን ደውዬ ላመሰግነው አሰብሁ። ኋላ ግን ይቅር አልሁ፤ እንዳበድሁ ይቆጥረዋል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ዛሬ ሥራ ጀመርሁ። አምስት ሱሪ ማሳጠር፣ ሁለት መጋረጃ። እጄ ከጨርቁ ጋር፣ ልቤ ወልድያ።

ጠዋት ደወልሁ። አላነሡም። አራት ሰዓት ላይ ደወልሁ። አላነሡም። ተጣልተው ይሆን? የአሥራ ሁለት ዓመት ነገር በአንድ ቀን ያልቃል? ትናንት ደስታው ነው ያናገራቸው፤ ዛሬ ደግሞ ዛሬ ነው። ወርቅነሽ «አብሽሪ፤ እህትማማቾች ሲያወሩ ስልክ አይሰሙም» አለችኝ። እሷ አራት እህቶች አሏት፤ ታውቃለች። እኔ ግን መርፌ ሁለት ጊዜ ሰበርሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ራሳቸው ደወሉ። ገና «ሃሎ» ስል ጩኸት ነው። እናቴ «የመስኮቱን ቦታ ቀድሜ የያዝሁት እኔ ነኝ!» ትላለች። ለእኔ አይደለም። ዘሐራ «አንቺ መንገዱን ስትመጪ አይተሽዋል፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት አላየሁትም!» ትላለች። ሹፌሩ «እናቶቼ፣ ሌላም መስኮት አለ» እያለ ይለምናል።

«እማዬ፣ የት ናችሁ?»

«መኪና ውስጥ። ሲሪንቃ ልንደርስ ነው።»

«ሁለታችሁም?»

«አዎና! አገር ቤት ይዣት ልሄድ ነው። ፓፓያውን ራሷ አይታ ትምረጥ። ዛሬ አንቺ ጋ እናድራለን። ሰማሽኝ? ምሳ ሥሪ።» ከዚያ ራቅ ባለ ድምፅ፣ «ጨው እንዳታበዢ!» የምትለው ዘሐራ ናት።

ስልኩን ዘጋሁ። ወርቅነሽ ፊቴን አይታ «ምን ሆኑ?» አለችኝ። «እየመጡ ነው» አልኋት።

ቤቴን አሰብሁ። ጠባብ ናት። ቲማቲም የለም፣ ዘይት ጥቂት ነው፣ ወለሉ ሁሉ የጨርቅ ቁራጭ ነው። ደስታም ድንጋጤም ነው። ሱሪዎቹን ጠቅልዬ ጥግ አስቀመጥሁ። አሁን ቲማቲም ልገዛ እየወጣሁ ነው።

ማታውን ይጣሉ ይሆናል። ይጣሉ። ቢጣሉም እዚሁ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ።